ከሰፈሩ ማን ያውቅዎታል?

ሌባ ገብቶ ላፕቶፕ ትቶ ይሄዳል? እስቲ ንገሩኝ!

ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ ግቢ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል በር ላይ ቆሜ የማጉረመርመው ይህንኑ ነበር። ላፕቶፑ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ጊታሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቁልፉ አልተሰበረም፣ መስኮቱ አልተነካም። የጠፋው ጠረጴዛ ሥር የነበረ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። እሱም ሣጥኑ ብቻ፤ ስክሪኑ እንኳ ቦታው ላይ ነው። የነበረበት ቦታ አቧራው መሀል ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

«አሮጌ ነው አላልክም?» አልኩት ባለቤቱን።

«በጣም አሮጌ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

ቃለሕይወት ይባላል። ቀን ለሰው ሶፍትዌር እየሠራ የሚተዳደር ቀጭን ወጣት ነው። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና፣ «ኢንስፔክተር፣ የተሰረቀው እኮ ሰፈራችን ነው» አለኝ።

ዞሬ ሳጅን ሩቲን አየኋት። እሷ ደግሞ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ጣሪያ ታያለች። አብራኝ ስትሠራ ቆይታለች፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ስሰማ ፊቴ ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካኒሳ ጀርባ «ቧንቧው ጋ» የሚባል ሰፈር ነበር። ሰዉ ጀሪካኑን ደርድሮ፣ ወረፋ እየጠበቀ፣ ሲተማማና ሲታረቅ የኖረበት ሰፈር። ከዚያ ፈረሰ፤ ሰዉም በየአቅጣጫው ተበተነ። ቃለሕይወት እዚያ ነው ያደገው። ናፍቆቱ ሲበዛበት ጊዜ ኢንተርኔት ላይ መድረክ ሠራና ስሙን «ቧንቧው ጋ» አለው። የድሮ ጎረቤት ማታ ማታ እየገባ ይጽፋል፣ ፎቶ ይለጥፋል፣ ይጨቃጨቃል። ያ ሁሉ ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

«እንዴት ነው የሚገባው? ማንም ዘው ይላል?»

«ኧረ! መጀመሪያ ሲመዘገቡ 'ከሰፈሩ ማን ያውቅዎታል?' ይላል። የአንድ ነባር አባል ስም ይሰጣሉ። ያ ሰው በስልኩ 'አውቀዋለሁ' ካላለ አይከፈትም። ከዚያ በኋላ የራሳቸው የይለፍ ቃል አላቸው። ሥራውን ሁሉ በኮንቴይነር በኮንቴይነር ነው የከፈልኩት።»

«ኮንቴይነር? የት ነው የቆመው?»

ሩቲ ጉሮሮዋን ጠረገች። «የሱቁ ቆርቆሮ አይደለም አለቃ።»

ልጁ አልሳቀብኝም፣ ተመስገን። «ኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሣጥን አለው ማለት ነው። የመግቢያው በር ለብቻ፣ የሰዉ ጽሑፍ ለብቻ፣ ፎቶው ለብቻ። አንዱ ቢታመም ሌላው ላይ አይጋባም። በሩን ደግሞ ላፍቶ፣ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ቤት ነው ያስቀመጥኩት። እዚህ መብራት ሲጠፋ ሰዉ ቢያንስ በሩ ላይ 'መብራት ሄዷል፣ እንመለሳለን' የሚል እንዲያይ።»

«ስለዚህ አሁን...»

«አሁን በሩ አለ። ቤቱ ግን የለም።»

ከበሩ ጀርባ ውሃ ሰማያዊ ካባ ተሰቅሎ አየሁና የማን እንደሆነ ጠየቅሁ። የእህቱ የምስጢር ነው፤ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው፣ መካኒሳ ባለው ቸርቻቸው የመዘምራን አባል ናት። ቁልፍ ያለው እሱ፣ እሷና አከራዩ ጋሽ ሂርጳ ጋ ነው። ዕቃው የጠፋው እሁድ ከሰዓት፣ እሱ ጓደኛው ሠርግ በሄደበት ነው።

«እህትህስ?»

«ልምምድ ላይ ነበረች። እሷ እኮ መድረኩ ላይ እንኳ አልተመዘገበችም። ስንት ጊዜ ለመንኳት፣ 'እኔ ምን የምጽፈው አለኝ' ትለኛለች።»

*

ጋሽ ሂርጳን ጎመናቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው።

«ያ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። አውጣልኝ ብዬዋለሁ፣ አልክድም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«እሁድ ከሰዓት የት ዋሉ?»

«እድር። ሊቀመንበሩ እኮ እኔ ነኝ። ድንኳን ማን ቀደደው እያሉ ጭንቅላቴን ሲበሉት ዋሉ።» ጆጋቸውን አስቀመጡ። «ልጁ ግን አለቀሰ?»

«አለቀሰ።»

«አዬ። ይጩህ ነበር፣ ምን ቸገረኝ።»

እድሩን ጠየቅን። አዎ፣ ውለዋል፤ ያውም ከሁሉም በላይ የጮኹት እሳቸው ናቸው።

ቀጥሎ የሃሩን ተራ መጣ። በስድብ የተነሳ ቃለሕይወት ከመድረኩ ያገደው የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ሲታገድ «ይህን ቤትህን ባላፈርሰው!» ብሎ ዝቶ ነበር። ይኼ ነው ሌባዬ ብዬ እየተንደረደርኩ ላፍቶ ታክሲ ተራ ሄድኩ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ነው። ገና ስሙን ስጠራው «ተከፈተ እንዴ?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቧንቧው ጋ! ለሁሉም ጠፍቷል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«ለመሆኑ አፈርሰዋለሁ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ብያለሁ። ብሽቅ ብዬ ነው!» እጁን መሪው ላይ ጣለ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሌላ ሰፈር የለኝም። አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴን ስሙን አላውቀውም። ማታ ገብቼ ማን ምን አለ ብዬ ካላነበብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እሱ መጣና ዘጋብኝ። እርስዎ ቢሆኑ አይናደዱም?»

እሁድ ከሰዓቱን መኪናው ጥፋት ተገኝቶበት ትራፊክ ፖሊስ ይዞት ነው የዋለው። የራሳችን ሰዎች መሰከሩለት። ልሄድ ስል በመስኮቱ ብቅ አለና፣ «ሲገኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ ይበሉልኝ» አለ። ይህን የሚያህል ሰውዬ እንዲህ ሲል አንጀቴን በላው፤ አልዋሽም።

*

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያ ስደርስ አንዲት ጠይም፣ መልከ መልካም እናት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«የቧንቧው ጋን ነገር የያዙት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ እናቴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ፀሐይወርቅ እባላለሁ። ልጄ ሚሳኤል ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የምንገናኘው እዚያ ነው። እኔ ማታ ማታ እጽፍለታለሁ፣ እሱ እሁድ እሁድ ይመልስልኛል።» ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። ነጭ ባዶ ገጽ ነው። «አሁን እገባለሁ፣ ያስገባኛል፣ ግን ምንም የለም። እንደገና እገባለሁ፣ ምንም የለም።»

«የጻፈልዎትን ያስቀመጡት የለም?»

«ምን ያስቀምጠዋል? በቃሌ ነዋ!» ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ሚያዝያ ላይ 'እማ፣ ሥራ አግኝቻለሁ፣ አታስቢ' አለኝ። ነሐሴ እንደገባ ደግሞ 'እማ፣ ዛሬ እንቁላል በቲማቲም ሠርቼ በላሁ፣ እንዳንቺ ግን አልሆነልኝም' አለኝ።» እዚህ ላይ ድምፃቸው ሰበር አለ። የእናት ሆድ ነው ብዬ አለፍኩት። «መስቀል ሲደርስ ደግሞ 'የቧንቧው ወረፋ ናፈቀኝ፣ ጀሪካን ይዤ መቆም ናፈቀኝ' አለኝ።»

«ድምፁንስ ሰምተውታል?»

«ስልክ አይደውልም። ኔትወርክ አይመችም ይላል።» ቀና ብለው አላዩኝም። «እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። ያን የሚጽፍልኝን ብቻ መልሱልኝ።»

ደረታቸው ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሩቲ በሩን ዘጋችና፣ «አለቃ፣ ይህን ኮምፒውተር ካላገኘን እኔ ሥራ እለቃለሁ» አለች። እኔም አልተቆጣኋትም።

*

ላፍቶ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ቃለሕይወት በሩን፣ ማለትም ያን የቀረውን ኮንቴይነር፣ ከፈተልን።

«ይኼ አስገርሞኛል» አለ፣ በሩ የመዘገበውን እያሳየን። «ሌባ ቢሆን ገመዱን መንጭቆ ነበር የሚወስደው። ይኼ ሰው ግን መጀመሪያ ሁሉንም በየተራ ዘግቷል። ፎቶውን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን። አንድ ቃል እንኳ እንዳይበላሽ ተጠንቅቋል።»

«እንደሱ መዝጋት የሚያውቀው ማን ነው?»

«መብራት ስለሚያስቸግር እህቴንም ጋሽ ሂርጳንም አሳይቻቸዋለሁ።»

«ሌባችን ለዕቃው ያዝናል ማለት ነው» አለች ሩቲ።

ለዕቃው የሚያዝን ሰው ለምን ይወስደዋል? «እሁድ ምን ልዩ ነገር ነበረው?» አልኩት። «ከመጥፋቱ በፊት የለወጥከው ነገር የለም?»

«ልለውጥ ነበር እንጂ አልለወጥኩም። ከሰኞ ጀምሮ የሚገባ ሁሉ በተመዘገበበት ስልክ የሚላክለትን ቁጥር ያስገባል ብዬ ለሁሉም አሳውቄ ነበር። በሰው ስም የሚገባ እንዳይኖር።»

እኔና ሩቲ ተያየን።

«በሰው ስም የሚገባ አለ ማለት ነው» አልኩ። ድምፁን ለእናቱ የማያሰማው ልጅ ታወሰኝ። «የሚሳኤልን አውጣልኝ። ከየት እየገባ ነው የሚጽፈው?»

ልጁ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «እሱን አይቼ አላውቅም። የጎረቤት ቤት በቀዳዳ ማየት ነው።»

«እኔ ፖሊስ ነኝ፤ እንጀራዬ ቀዳዳ ነው። እይ!»

አየ። መጀመሪያ ከታንዛኒያ ገብቷል። ቀጥሎ ከማላዊ። ከዚያ ወራት ሙሉ ጸጥ። ከዚያ አንድ ቀን «የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ» ብሎ ጠየቀ፣ ለሚስጥር ጥያቄውም በመጀመሪያው ሙከራ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የገባው ሁሉ...

«ከአዲስ አበባ ነው» አለ ቃለሕይወት፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ሩቲ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ተመልሷል! ባዶ እጄን እንዴት እናቴ ፊት እቆማለሁ ብሎ ተደብቆ ይሆናል። ስንቱን አይተናል አለቃ!»

እውነቷን ነው፤ አይተናል። ልቤ ዘለለች። እኚያን ሴት ጠርቼ «ልጅዎ እዚሁ ከተማ ነው» ብላቸው ብዬ ተመኘሁ፤ በሥራዬ እንዲህ የተመኘሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ግን ምላሴን ያዝኩ።

«የሚስጥር ጥያቄው ምን ነበር?»

«'የክርስትና ስምህ ማን ነው?' የሚል። ጥያቄውን አባሉ ራሱ ነው የሚመርጠው። መልሱን እኔም አላየውም፣ ተመስጥሮ ነው የሚቀመጠው። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ የክርስትና ስም የለንም። ከባድ ነው እንዴ ማወቁ?»

«ጓደኛህ አያውቀውም፣ የሥራ ባልደረባህ አያውቀውም» አልኩት። «ቤተ ክርስቲያን ሲጸለይልህ የምትጠራበት ስም ነው። እናት ታውቃለች፣ የንስሐ አባት ያውቃል፣ የክርስትና አባት ያውቃል። አለዚያ ራስህ ለሰው ካልነገርክ ማንም አያውቅም።»

*

የሚሳኤል የክርስትና አባት ጋሽ ወጋየሁ፣ መካኒሳ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍና ሻማ ይሸጣሉ። ስማቸውን ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ናቸው የነገሩን። ጥያቄዬን ገና ሳልጨርስ ቱግ አሉ።

«እኔ የልጄን የክርስትና ስም በየመንገዱ የምዘራ ሰው ነኝ? ምን ቆርጦኝ!»

«አይቆጡ አባቴ። ያስቡት እስቲ። ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ሰምተውት አያውቁም?»

ጧፎቹን በእጃቸው ደረደሯቸው።

«አንዲት ልጅ አለች» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እሁድ እሁድ በጠዋት ትመጣለች። ነጠላ አጣፍታ መልበስ እንኳ አታውቅበትም። ከበሩ አታልፍም። ጧፍ ትገዛኝና መልሳ ለእኔው ሰጥታኝ፣ 'ወልደ ትንሣኤ ብለው ያብሩልኝ' ትላለች። የእኔም ልጅ ወልደ ትንሣኤ ነው። ግን ስሙ የስንቱ ነው፣ ግድ አልሰጠኝም። አንድ ቀን 'ለጤናው ነው ወይስ ለነፍሱ?' አልኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«'ለነፍሱ' ብላ ፊቷን ሸፈነች።»

ሩቲ ክንዴን ያዘችኝ። ከላፍቶ ጀምሮ ይዤው የመጣሁት ተስፋ እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቀረ። ሚሳኤል አልተመለሰም። ሚሳኤል ሞቷል፤ የሞተው ልጅ ደግሞ እሁድ እሁድ ለእናቱ ይጽፋል።

«መልኳን ይነግሩኛል?»

«አንገቷን ደፍታ ነው የምትቆመው። ከቦርሳዋ ግን ካባ ብቅ ብሎ አይቻለሁ። ውሃ ሰማያዊ። የእኛ መዘምራን እንደሱ አይለብሱም።»

*

ቸርቹ ከዚያ ሩቅ አይደለም። የመዘምራኑ መሪ እሁድ ዕለት ምስጢር ልምምዱ ላይ እንደነበረች አረጋገጠልኝ። ደህና አድርጎ ነው የመሰከረላት፤ ከዚያ ግን ጨመረበት። «ትንሽ አረፈደች እንጂ መጥታለች። ስፒከር በባጃጅ ይዛ መጥታ ነበር፣ በካባዎች ጠቅልላ ዕቃ ክፍል አስገባችው።»

«ስፒከሩን አይተኸዋል?»

«ጠቅልላዋለች አልኩዎት እኮ።»

ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ እሷ ውስጥ ነበረች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለተጠቀለለው ሣጥን ሰጥታ። ስታየን አልሸሸችም፣ አልካደችም።

«አልተበላሸም» አለች። «በደንብ ነው የዘጋሁት።»

«አውቀናል» አልኳት። ጉልበቴ ቢያመኝም ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «ሚሳኤል ምንሽ ነው?»

ከንፈሯን ነከሰች። «ወረፋ ላይ ነው የተዋወቅነው። ቧንቧው ጋ። ጀሪካኔን ይሸከምልኝ ነበር። የእሱ ቤት ኦርቶዶክስ፣ የእኛ ቤት ጴንጤ፤ ቢሰሙ ጉድ ይፈላ ነበር። 'ሄጄ ሰው ሆኜ ልምጣና ሽማግሌ እልካለሁ፣ ያኔ እንቢ አይሉኝም' አለኝ። ሄደ።»

«እንደሞተ በምን አወቅሽ?»

«አብሮት የነበረ ልጅ ማላዊ ላይ ታሞ እንደሞተ፣ እሱ ራሱ እንደቀበረው ነገረኝ። በስልክ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፣ ሰው ያየኛል ብዬ።»

«ለእናቱ ለምን አልነገርሽም?» አለቻት ሩቲ።

«በምን አፌ? መርዶ ብቻውን ሄዶ የሚያረዳ ሰው አለ? ሰፈሩ ቢኖር እኮ ለአንድ ትልቅ ሰው ሹክ እላለሁ፣ እሳቸው ለጎረቤት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በጠዋት ይሄድ ነበር። የት አለ ሰፈሩ? ደግሞስ 'አንቺ ማን ነሽ?' ቢሉኝ ምን እላለሁ? እጮኛ አልባል፣ ዘመድ አልባል።» እንባዋን በካባው ጫፍ ጠረገች። «በስሙ የገባሁት የጻፈውን ላነብ ብቻ ነው። እምላለሁ! የክርስትና ስሙን ነግሮኝ ነበር። 'ብሞት የምጠራው በዚህ ነው' ብሎ እየሳቀ። ገባሁ። ሰው ሲገባ ግን ስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። እትዬ ፀሐይ አዩት። 'ሚሳዬ! አለህ እንዴ? ሚሳዬ!' ብለው ጻፉ። በል መልስ እያሉ ይጽፋሉ፣ ይጽፋሉ። ምን ላድርግ?»

«ምን አልሽ?»

«'አለሁ' አልኩ።»

አዳራሹ ውስጥ አንዱ ኪቦርድ ይሞክራል።

«ቁጥሩ የሚላከው በእሱ ስልክ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከሰኞ በኋላ መግባት አልችልም ነበር። እሁድ እሁድ እየጠበቁ ዝም ሲላቸው ታየኝ። የማደርገው ጠፋኝ፤ እስካስብ ብዬ ወሰድኩት።»

ሌባ ይዤ እንዲህ እጄ የዛለበት ቀን የለም።

*

ቃለሕይወት ሲሰማ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ክሱን ወዲያው አነሳ። ከዚያ የእህቱን ካባ ከበሩ ጀርባ አወረደና አቀፈው። «እዚሁ ግድግዳው ማዶ» ይላል። «ይህን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ግድግዳው ማዶ ብቻዋን ስታለቅስ!»

ለእኔ ግን ጉዳዩ አላለቀም። ሚሳኤልን ቀብሬዋለሁ ያለውን ልጅ ደውዬ አነጋገርኩት። የመቃብሩን ፎቶ ላከልኝ፤ ድንጋይ ተከምሮ እንጨት የተተከለበት ነው። እውነት ነበር።

«አሁን እናትየውን ጣቢያ ጠርተን እንነግራቸው?» አለች ሩቲ።

«በፍጹም!» ጮህኩባት መሰለኝ። የአባቴን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው፣ ከቤቴ ሩቅ፣ መናኸሪያ መሀል ቆሜ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። «በደንቡ ይረዳሉ። ቃለሕይወት፣ ሰፈሩን ሰብስብ።»

ኮምፒውተሩ ቦታው ተመለሰ። ልጁ ኮንቴይነሮቹን በየተራ አስነሳቸው። ከዚያ ከአንድ ሰው በቀር ለሁሉም የሚታይ መልእክት ጻፈ፤ ለእትዬ ፀሐይ ብቻ ዘጋው። ሚሳኤል ማረፉን፣ ሲነጋጋ እሳቸው በሚኖሩበት ላፍቶ ኮንዶሚኒየም በር ላይ መገናኘት እንዳለብን። የሃሩንንም እገዳ አነሳ።

ጎህ ሲቀድ ስንደርስ የሃሩን ሚኒባስ ቀድሞናል። ከየጫፉ ለቃቅሞ አምጥቷቸዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወርዳሉ፤ አንዱ አንዱን ሲያይ በሹክሹክታ «አንተ! አለህ?» ይባባላል። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ በአካል ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ለመሳሳም ግን ጊዜው አይደለም። ጋሽ ወጋየሁ ከፊት ሆኑ። ምስጢር ከሁሉም ኋላ፣ ወንድሟ ክንዷን ይዟት። ጋሽ ሂርጳ እንኳ የእድራቸውን ድንኳን አስጭነው መጥተዋል፣ የተቀደደውን ሰፍተው።

ጋሽ ወጋየሁ አንኳኩ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከፈቱ። ያን ሁሉ ፊት በአንድ ላይ አዩት። «ሁላችሁም መጣችሁ?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጮኹ። ሴቶቹ ገብተው ያዟቸው። ያ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

*

በሠልስቱ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ምስጢር አንገቷን ደፍታ ከበሩ አጠገብ፣ ማንም እንደማያውቃት ሆና ተቀምጣለች። ማን እንደሆነች ለእትዬ ፀሐይ የነገራቸው የለም፤ ይህን ለእኔ ትተውት ነበር፣ እኔም ከየት ልጀምር እያልኩ ነው።

እሳቸው ቀደሙኝ። «ያቺን ሦስቱን ቀን በሩ ጋ ሆና ከእኔ እኩል ስታለቅስ የሰነበተችውን ልጅ ጥሩልኝ።»

መጣች። ተንበረከከች። አገጯን ይዘው ቀና አደረጓትና አተኩረው አዩአት።

«እንቁላሉን የበላሽው አንቺ ነሽ?»

ምስጢር ክው አለች።

«ነሐሴ ሲገባ እንቁላል! በፍልሰታ!» አሉ። «የእኔ ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው ፍልሰታን የጾመ። እሺ፣ ሰው አገር ተቸግሮ ገደፈ እንበል። ቢገድፍስ ለእኔ ይነግረኛል? ለእኔ! ያን ቀን አወቅሁ።»

ፊቴ ጋለ። እኔ እኮ ያን መልእክት ከእሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ! ጾሙን ስጾም ያደግሁ ሰውዬ ነሐሴ ሲባል እየሰማሁ የእናት ሆድ ነው ብዬ ያለፍኩት።

«ታዲያ እናቴ፣ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ብናገር እሷም ትጠፋለቻ!» ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ግን ያ የሚጽፍልኝ ሰው ጀሪካኑን ያውቃል፣ ሳቁን ያውቃል፣ ሲናደድ እንዴት እንደሚያኮርፍ ያውቃል። ልጄን የሚወድ ሰው ነው። እሱን ካጣሁ አይቀር፣ ስለ እሱ አብሮኝ የሚያወራውንም ልጣ?»

ምስጢር እግራቸው ላይ ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ...»

«ተነሺ። እዚህ ጎኔ ተቀመጪ። በሩ ጋ የሚቀመጥ እንግዳ ነው።»

*

አርባው ዕለት ደግሞ አብረን በልተን ስናበቃ ስልካቸው ጮኸ። «መነጽሬን የት አባቱ እንደጣልኩት! አንብብልኝ እስቲ ልጄ» ብለው ሰጡኝ። ከቧንቧው ጋ የመጣ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«'ምስጢር የምትባል ሰው ለመመዝገብ የእርስዎን ስም ሰጥታለች። ያውቋታል?'»

«የቱ ጋ ነው የሚነካው?»

አሳየኋቸው። ሁለት ቁልፍ አለ፤ «አውቃታለሁ» እና «አላውቃትም»። ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «አውቃታለሁ» የሚለውን ተጫኑት። ከዚያ ይሠራ እንደሆነ ብለው እንደገና ተጫኑት።

እኔም አሁን አባል ነኝ። ሃሩን ነው «አውቀዋለሁ» ያለልኝ። ማታ ማታ ገብቼ አነባለሁ፤ ለሩቲ እንዳትነግሯት። የሚሳኤል ገጽ እንዳለ ነው፤ ይነበባል፣ ግን ከእንግዲህ ማንም አይገባበትም። ያን ምሽት ከሥሩ አዲስ ስም አየሁ፣ አጠገቡ አረንጓዴ ነጥብ በርቷል። ወዲያው የእትዬ ፀሐይ ጽሑፍ ከች አለ።

«ምስጢሬ፣ እራት በላሽ?»